ለበረዶ የተሠራው ገበቴ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.
ለጋሼ ገብረ ማርያም፣ አስመራ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት? ልጅዎ የኔዓለምስ ደህና ናት? ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ የጠየቅሁት፣ የማን ወረቀት እንደሆነ ሲያውቁ ለምድጃ እንዳይሰጡት ፈርቼ ነው።

አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ መጻፌ ያሳፍራል፤ አፍሬያለሁም። እርስዎ ለሥራ ምጽዋ ወርደው ሳሉ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ልሰናበት ብል እንደማይለቁኝ አውቅ ነበር፤ ቢለቁኝም ፊትዎን እያየሁ መሄድ አልችልም ነበር። ስድስት ዓመት የመካኒክነት ሙያ ያስተማረ፣ ከልጁ ጋር በአንድ ትሪ ያበላ ሰው እንደዚያ አይሸሽም። ይቅር ይበሉኝ። የባሰውንም አሁኑኑ ልናገር፤ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ሣጥኔን ስከፍት ያ ኩሽኔታ ከዘንጉ የሚነቅሉበት ባለሦስት ጥፍር ብረትዎ ከመፍቻዎቼ መሐል ተጋድሞ አገኘሁት። አስቤ የወሰድሁት አይደለም። አልመለስሁትም ግን። ከሌብነት የሚለይበትን እርስዎ ያውቃሉ።

የማስቸግርዎት ለዚህ ነው። ከምሠራበት የመኪና ጥገና ግቢ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ጉድ ቆሟል። ከስምንት ዓመት በፊት ካርታ የሚያነሱ ፈረንጆች በጭነት መኪና አምጥተውት፣ ሲሰበርባቸው ጥለውት ሄዱ ይባላል። እንደ ዶዘር በሰንሰለት ነው የሚሄደው። ዶዘር ግን አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ፣ ላዩ ክፍት፣ ሊጥ የሚቦካበትን ገበቴ ይመስላል። የከተማው ሰውም ገበቴው ይለዋል። በጎኑ የተለጠፈችውን ጽሑፍ የእንግሊዝኛ መምህሩ አነበበልኝ፤ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ወታደሮችን በበረዶ ላይ እንዲያመላልስ የተሠራ ነው። በበረዶ መሄድ ለምን እንዳስፈለጋቸው እግዜር ይወቅ፤ እኛ አገር በረዶ ሲመጣ ሰው ቤቱ ይገባል።

ከሞተሩ ሥር ዶሮ ፈልፍላበታለች። እሷን ከነጫጩቶቿ አስወጥቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። የግቢያችን ሹም «ካስነሳኸው ለክረምት ጉዳይ ይሁንህ» ብለው ፈቅደውልኛል። ሰንሰለቱ የሚንከባለልባቸው አሥራ ስድስት ትንንሽ መሽከርከሪያዎች አሉት፤ የአሥራ አንዱ ኩሽኔታ ዝጎ ደርቋል። እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባም አስጠይቄ አጣሁ። አስመራ ግን ከጦርነቱ የተረፈ ብረት የማይገኝበት ጓሮ እንደሌለ አውቃለሁ። ለናሙና አንዱን አስመራ በሚመላለሰው ሾፌር በአንለይ እጅ ልኬያለሁ።

መልስ ባይጽፉልኝ አልቀየምም። ቢጽፉልኝ ግን ደስታዬ ነው።

የበደለዎት ቢያዝን


አስመራ፣ የካቲት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቢያዝን፣

ወረቀትህን እውነትም ለምድጃ ልሰጠው ነበር። የኔዓለም ነጠቀችኝ። ምስጋናህን ለእሷ አድርግ።

ወገቤ ደህና ነው። ሌላውም ደህና ነው። ስለ ብረቱ አትጨነቅ፤ ሰውየው ራሱ ሄዶ ብረቱን ማን ያስበዋል። አንድም ቀን አላሰብሁትም ካልሁህ ግን ውሸት ነው፤ በጠፋ ማግስት ተለማማጆቹን ሁሉ ለሦስት ቀን ሳምሳቸው ሰነበትሁ። ይቅርታ መጠየቅ ካለብህ እነሱንም ጠይቅ።

አንለይ ናሙናውን አድርሷል። ጥሩ ሰው ነው፣ ወሬ ያበዛል። አሥራ አንድ ብለሃል፤ ዘጠኝ ኩሽኔታ ልኬልሃለሁ። ሁለቱን አላገኘሁም። የደረቁትን ሁለት በነጭ ጋዝ ዘፍዝፋቸውና ለሳምንት አትንካቸው። አንተ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ካልነካህ እንቅልፍ አይወስድህም፤ አውቅሃለሁ።

ጎረቤቴን ሽማግሌ ጣልያን ስለ መኪናህ ጠየቅሁት። በእሱ አገር ተራራ ላይ የሚወርደው በረዶ እንደኛው ጠጠር አይደለም አለኝ፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ሰውን እስከ ወገቡ ይውጣል። ሰንሰለቱን ያን ያህል ሰፊ ያደረጉት እንዳይሰምጥ ነው። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ጠረጠርሁ። እኔ የደብረ ወርቅ ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ስቆጥር የሐምሌን የዋልካ ጭቃ በእግሬ ለክቼዋለሁ። በዚያ ጥጥ ያልሰመጠ በዋልካም አይሰምጥም። አንተም ይህን ብረት ለጨዋታ አላነሳኸውም። ለምን እንደፈለግኸው ግን አልጻፍህልኝም።

መልኩን ዘርዝረህ ጻፍህልኝ። መልክ ምን ያደርግልኛል? ሞተሩን በእጅ ስታዞረው ምን ይላል? ያንቀዋል? ያፏጫል? ዝም ይላል? በሚቀጥለው ድምፁን ጻፍልኝ።

ገብረ ማርያም


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዲህ እንደ ቁጣዎ ይበርታልኝ። ወረቀትዎን ሳነብ ጋራዡ ውስጥ ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ኩሽኔታዎቹ ደርሰዋል፤ ዘጠኙም ልክ ናቸው። ጋዝ ውስጥ የዘፈዘፍኋቸውን በስድስተኛው ቀን ነካኋቸው። በሰባተኛው ልል ነበር፤ እርስዎን መዋሸት አልወድም። አንዱ በእጅ ተላቀቀ፤ ሌላው በእርስዎ ባለሦስት ጥፍር ወጣ። ሁለቱም አሁን ይዞራሉ።

ድምፁ። መጀመሪያ በእጅ ሳዞረው ምንም አላለም፤ ከውስጡ የዶሮ ላባ ብቻ ወጣ። ካንዴላዎቹን ለውጬ፣ ካርቡራቶሩን አጥቤ ስሞክረው እንደ ሽማግሌ አክ አለ፤ ተፋ፤ ተነሳ። ከስድስቱ ሲሊንደር አምስቱ ይተነፍሳሉ፤ ስድስተኛው ዘግይቶ ነው የሚገባው። ታ፣ ታ፣ ታ፣ ታ፣ ታ፣ ዝም፣ ታ። በተነሳ ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ ምሳውን ጥሎ መጣ።

ለምን እንደፈለግሁት ጠይቀውኛል። በመጀመሪያው ወረቀት ያልጻፍሁት፣ ሊያዝኑልኝ ብለው እንዲረዱኝ ስላልፈለግሁ ነው። ባለቤቴ ስሜነሽ የጉንደ ወይን ልጅ ናት። ካቻምና ነሐሴ ለመጀመሪያ ልጃችን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ለመውለድ ሄደች። ምጡ ሁለት ቀን ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚህ ወደ ሐኪም ቤት ተነሱ፤ ዋልካው እስከ ጉልበት ነበር። ቢቸና እንኳ ሳይደርሱ ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷን እግዚአብሔር አተረፈልኝ። እኔ ሰባት መኪና ከቆመበት ግቢ ውስጥ ነበርሁ፤ በክረምት ከሰባቱ አንዱም ከደጀን ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ውስጥ አይገባም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉ የለ፣ ያ እኔ ነበርሁ።

አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ወሯ ነሐሴ አጋማሽ ነው። እዚሁ እንድትወልድ እፈልጋለሁ፤ አማቴ ወይዘሮ ብዙዬ ግን ሽማግሌ መላካቸው አይቀርም፣ እኔ ደግሞ ለሽማግሌ እምቢ የሚል አፍ የለኝም። ስለዚህ ገበቴው ከነሐሴ በፊት በጭቃ መሄድ አለበት። ሌላ ምንም አልፈልግበትም።

የቀረው ሰንሰለቱ ነው። የብረት ጥርሶቹ ደህና ናቸው፤ ጥርሶቹን የሚያያይዙት የጎማ ቀበቶዎች ግን በስብሰው በጣቴ ሳሻቸው ይፈረፈራሉ። አራት ቀበቶ ያስፈልገኛል። የት ይገኛል ይላሉ?

ቢያዝን


አስመራ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ቢያዝን፣

ወረቀትህ ሲነበብ የያዝሁትን ስኒ አስቀመጥሁ። እግዚአብሔር ያጥናህ። ዘግይቶ የመጣ ማጽናኛ ምን እንደሚረባ አላውቅም፤ ሳላውቅ ቀርቼ ነው እንጂ አንተ ብትጠፋም እኔ አልጠፋም ነበር።

ስድስተኛው ሲሊንደር ቫልቩ ነው የዘገየው። አውጥተህ መቀመጫውን በአሸዋ ቅባት ፍጨው፤ ስትፈጨው መጀመሪያ ይቧጭራል፣ ልክ ሲገባ ድምፁ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ተው።

ለሽማግሌ እምቢ የሚል አፍ የለኝም ትላለህ። ከእኔ ስትሄድ ግን አፍም አላስፈለገህም፣ እግር በቃህ። እሺ፣ ይህን ሁለተኛ አላነሳውም።

የቀበቶውን ነገር አስመራን አሰስሁ። የዚያ መኪና ጎማ የለም። አንድ ሁለት ሰው እንዳለ ነግሮኝ ሄጄ ስዳስሰው የሌላ ሆኖ አገኘሁት። ግን ለምን ጎማ ትላለህ? ጎጃም ተቀምጠህ ጠፍር አጣህ? የሰባ በሬ ቆዳ አስመርጥ፤ በሰፊው አስተልተል፤ በአራት ድርብ እንዲሰፋ አድርግ። ሞፈርና ቀንበር ይዞ መሬት የሚገለብጥ ጠፍር አንድ ገበቴ መሳብ አያቅተውም። አባቶቻችን ጎማ መች ያውቁ ነበር?

ተሠርቶ ሲሄድ ድምፁን ጻፍልኝ። ጠፍር በብረት ላይ ሲሄድ ምን እንደሚል ሰምቼ አላውቅም።

ገብረ ማርያም


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ገበቴው ሄደ።

ጠፍሩን የሠራልኝ ኮርቻ ሰፊው አቶ አንሙት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም፤ «የበቅሎ ዕቃ ስሠራ ኖሬ የብረት በቅሎ ልጭን ነው» እያለ ሲሰፋ ሰነበተ። ባለፈው ቅዳሜ ሰንሰለቱን አልብሰን ከግቢው አወጣነው። የገበያው ሰው መንገድ ለቀቀ፤ አንድ ቄስ አማትበው ሲያበቁ ትንሽ እንዳሳፍራቸው ጠየቁኝ። ጠፍሩ በብረቱ ላይ ሲሄድ አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ሲራመድ እንደሚያሰማው ነው፤ ጭርር፣ ጭርር ይላል። ስድስቱም ሲሊንደር አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ቁልቁለት አወረድሁት፣ ዳገት አወጣሁት፣ የታረሰ ማሳ አቋረጥሁበት። ትቶት የሄደው ዱካ የሰው ተረከዝ ያህል እንኳ አይጎደጉድም።

አማቴ እንዳልሁትም ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ተነስተው ቆሙብኝ፣ አልቀመጥ አሉ። ልጃችን በእናቷ ቤት ትውለድ፣ ካቻምና የሆነው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ወጉን አታስቀርባት አሉ። እኔ መልስ ስፈልግ ስሜነሽ ራሷ «ገበቴው አለ አይደል? ክፉ ነገር ከመጣ ይመጣልኛል» አለች። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ? እሺ አልሁ።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ተነሳች፣ እናቷ ራሳቸው መጥተው በበቅሎ ይዘዋት ሄዱ። ወይዘሮ ብዙዬ ገበቴውን አንድ ጊዜ አይተው ፊታቸውን አዞሩ፤ የሰይጣን ዕቃ ነው ይላሉ። ስሜነሽ ግን ከመውጣቷ በፊት ጎኑን መታ መታ አድርጋ «እንዳትቀር» አለችው። ለእኔ እንኳ እንደዚያ አላለችኝም።

እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ቢያዝን


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጠፍሩ ረጠበ።

ዝናቡ የገባ ሰሞን ጭቃ ላይ ልሞክረው አወጣሁት። መቶ እርምጃ እንደሄደ ቀበቶዎቹ ላሉ፤ ሁለት መቶ ሳይሞላ ሰንሰለቱ ከመሽከርከሪያዎቹ ላይ ወልቆ ከኋላ ተጎተተ። ሳጠብቀው እንደገና ይረዝማል። ገበያ ቀን ነበር፤ በግንቦት ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። በበሬ አስጎትቼ ነው ያስገባሁት።

ሁላችንም በጠፍር አልጋ ተኝተን ያደግን ሰዎች ነን። አልጋ ሲላላ «ማን ውሃ ደፋበት?» ተብሎ ያልተቆጡት ልጅ የለም። ጠፍር ሲረጥብ እንደሚረዝም እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አቶ አንሙት ደግሞ እንጀራው ነው። ሦስታችንም በጋ ላይ ቆመን ክረምትን ረሳነው። በደረቅ መሬት ሲሄድ አይቼ ሚስቴን ሸኘሁ።

አሁን ከዋልካው ወዲያ ናት። ሰባት ወሯ ነው፤ በቅሎ በየወንዙ በምታዳልጥበት በዚህ ጭቃ ላስመጣት አልደፍርም።

አልወቅስዎትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ዛሬ አልቻልሁም።

ቢያዝን


አስመራ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቢያዝን፣

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ቃል ከእኔ ሁለተኛ ስለማታገኘው ወረቀቱን በደንብ አስቀምጠው።

ሠላሳ ዓመት ደረቅ አገር ተቀምጬ የሰኔን ዝናብ ረሳሁት። ጎጃሜ ነኝ እያልሁ በየመጠጥ ቤቱ ስፎክር ኖሬ የገዛ አገሬ ዝናብ ከዳኝ። ብትወቅሰኝ እውነት አለህ። ደግሞ ወቀሳህን አልጠላሁትም፤ ስድስት ዓመት ከእኔ ጋር ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሃል ብለኸኝ አታውቅም ነበር።

አሁን ስማኝ። ወፍጮ ቤት ገብተህ ታውቃለህ፤ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ሰፊ ቺንጋ አለ። ሸራ በጎማ ተደርቦ ነው የሚሠራው፤ ውሃ አይጠጣም፣ አይረዝምም። ሁለት ጥቅል ልኬልሃለሁ። የሠራ ነው፣ ግን ጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ አልፌበታለሁ፤ አንድም የተሰነጠቀ የለውም። ስፋቱ ስንዝር ከሦስት ጣት ነው፤ ለሁለት ስትሰነጥቀው አራቱንም ቀበቶ ይወጣዋል። ለብሎኑ ቀዳዳ ስታወጣ በቢላ እንዳትነካው፤ በቢላ የተቀደደ ከዚያው ጀምሮ ይተረተራል። ብረት አግለህ ተኩሰው። ጠርዙ ቀልጦ ራሱን ይዘጋል።

አንለይን መንገድ ላይ እንዳይተኛ አስምዬዋለሁ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ይደርሳል።

ገብረ ማርያም

ወንድሜ ቢያዝን፣ ይህችን ከታች የጨመርሁት አባባ ሳያውቁ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጋራዡን ዘግተናል። ወረቀቶቹን የምጽፈውም የማነበውም እኔ ነኝ። ኩሽኔታዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የመረጡት፤ ለዚህ ቺንጋ እጃቸውን ይዤ አራት ወፍጮ ቤት ዞረናል። ያንተ ወረቀት መጣ ሲባል ጢማቸውን ይላጫሉ። ድምፁን ስትጽፍ አደራህን አታሳጥረው፤ ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል። እንዳወቅህ ግን እንዳታስመስል። የኔዓለም


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ይህን የምጽፈው እጄን ሳልታጠብ ነውና ለቅባቱ ይቅርታ።

ቺንጋው በነሐሴ 2 ደረሰ። እንዳሉኝ በጋለ ብረት ተኮስሁት። አቶ አንሙት ጥፋቱን ሊክስ ከአጠገቤ አልተለየም። ከትናንት በስቲያ በዶፍ ዝናብ አወጣነው። ድምፁን እንደዚህ ይስሙልኝ። ሞተሩ ስድስቱንም በእኩል ይቆጥራል፣ እንደ ጠጅ ጋን ከውስጥ ይጉረመርማል። ቺንጋው አይጮህም፤ በብረቱ ላይ ሲያልፍ እርጥብ እጅ ግድግዳ ሲመርግ የሚሰማው ነው፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ከበስተቀኝ ከሦስተኛው መሽከርከሪያ አንዲት ቀጭን ፉጨት አለች፤ በጋዝ ከዘፈዘፍኋቸው ከሁለቱ አሮጌ ኩሽኔታዎች አንዷ ናት። ጭቃው ከኋላ ሲወድቅ ድብልቅልቅ ያለ ድምፅ አለው። አንድ ሰዓት ሄድን። አልላላም፣ አልወለቀም።

ዛሬ ጠዋት የስሜነሽ ወንድም ክንዴ ከጉንደ ወይን በእግሩ ደረሰ። ሦስት ቀን ተጉዟል። እግሯና ፊቷ አብጧል፤ ራሷን ያማታል፤ ዓይኔን ያጭበረብረኛል ትላለች። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ፤ በቶሎ አምጣት ነው ያለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

የግቢው ሹም የጭነት መኪና ሰጥተውኛል፤ ገበቴውን እስከ ደጀን እንጭነዋለን፤ ከደጀን ወዲያ በራሱ ነው። ክንዴ አብሮኝ ይሄዳል። ነዳጅ በአራት ጀሪካን ይዣለሁ፤ የእርስዎ ባለሦስት ጥፍር ከመቀመጫዬ ሥር ነው።

ያኔ ሳልሰናበትዎት ሄድሁ። ዛሬ ልሰናበትዎት። ጋሼ፣ እየሄድሁ ነው፤ ደህና ይሁኑልኝ፣ ይመርቁኝ።

ልጅዎ ቢያዝን


አስመራ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቢያዝን፣

መርቄሃለሁ። ወረቀትህ በደረሰ ሰዓት ቆሜ መርቄሃለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ እንደመረቅሁህ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ከሄድህ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፖስታ ቤቱ እኛን ማየት ሰልችቶታል። ስለ መኪናው አልጠይቅህም። ስለ ሰው ብቻ ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ፤ ዝም ማለት ከሁሉ ይከፋል፤ ይህን አንዴ አሳይተኸኛል።

ገብረ ማርያም


ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት።

ዝም ያልሁበትን ምክንያት ስነግርዎት ይምሩኛል። ነሐሴ 17 ቀን ልጃችን ሐኪም ቤት ተወለደች። ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ጩኸቷ ግን ትንሽ አይደለም። እናቷ ግን ራሷን ስታ ሰነበተች፤ ዘጠኝ ቀን ሰው አትለይም ነበር። የምሥራች ጽፌ መልሼ እንዳልነጥቅዎት ብዬ እስክትድን ጠበቅሁ። ተሻላት ብለው ሐኪሞቹ ከነገሩኝ በኋላም ለሳምንት አላመንኋቸውም። ትናንት ከአልጋዋ ተነስታ ብቻዋን እስከ መስኮቱ ሄደች። ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ ከደጀን ወዲያ ጭቃ፣ ከዚያም ጭቃ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ወለቀ፣ በድንጋይ ጥፋት እንጂ በቺንጋው አይደለም። ያቺ የምታፏጨው ኩሽኔታ ከቢቸና በላይ ተሰበረች፤ ከሌላ ቦታ ነቅዬ ተካኋት፤ በምን እንደነቀልኋት ያውቃሉ። በሁለተኛው ቀን ጉንደ ወይን ገባን።

የምነግርዎት ስለ ወይዘሮ ብዙዬ ነው። ገበቴው ከደጃቸው ሲቆም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። «ልጄ በእናቷ ቤት ነው የምትወልድ፤ እንኳን የሰይጣን ገበቴ ንጉሥም ቢልክ አትሄድም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሦስቱም እዚያው ነበሩ። እኔ ጋሼ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልሁ። «ባለፈው እሺ ብዬ ልጄን ቀበርሁ፤ ዛሬ እምቢ» አልሁ።

ወይዘሮ ብዙዬ ተመልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ስሜነሽን አስቀርተው በሩን ሊዘጉ ነው ብዬ ጨነቀኝ። ቆይተው ሲወጡ የገንፎውን ዱቄት በስልቻ፣ ቅቤውን በቅል፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። ክንዴን «ደግፈኝ» ብለው ከሁላችን ቀድመው ገበቴው ላይ ወጡ። ከኋላ ተመቻችተው ተቀመጡና «አምጧት፣ ራሷን እዚህ ጭኔ ላይ አድርጉልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ሲያዩዋቸው ጊዜ «ምን ታዩኛላችሁ? የእናት ቤት እናት ያለችበት ነው። ንዳው!» አሉ።

እስከ ደጀን ድረስ ጭናቸውን አላነሱም። ዝናብ ሲመጣ ጋቢውን ለእሷ ነው የሰጡ። ሐኪም ቤትም ገንፎውን ራሳቸው አገነፉ፤ ነርሷ ልትከለክላቸው ሞክራ ጎረሰች። አሁን ስለ ገበቴው ክፉ ሲነገር አይወዱም፤ ከበቅሎ ይሻላል፣ ገብስ አይጠይቅም ይላሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር፤ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን አለን፤ ኅዳር መግቢያ ላይ ይውላል። ለሴት ልጅ ክርስትና እናት ነው የሚያስፈልጋት። እኔና ስሜነሽ የኔዓለም እንድትሆንልን ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ወረቀቴን ከምድጃ ስላዳነችልኝ አመሰግናታለሁ። ብቻዋን መንገድ እንዳትወጣ ደግሞ እርስዎ ይዘዋት ይምጡ።

ብረትዎን ሲመጡ በእጅዎ እመልስልዎታለሁ።

ልጅዎ ቢያዝን


አስመራ፣ መስከረም 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ቢያዝን፣

ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳስነበብሁ የኔዓለምን ጠይቃት፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። የወይዘሮ ብዙዬን ቦታ ስትደርስ በየጊዜው ታለቅሳለች፤ እኔ አላለቀስሁም ብልህ አታምነኝም፣ ስለዚህ አልልህም። እግዚአብሔር ያሳድግልህ። አማትህን «እጅ ነስቷል» በልልኝ። እኛ ጠፍር ሲረጥብ እንደሚረዝም ብንረሳም፣ እሳቸው የእናት ቤት የት እንደሆነ አልረሱም።

የኔዓለምን ይዘዋት ይምጡ ብለህ ጽፈሃል። በደንብ ያሰብህበት አጻጻፍ ነው፤ አመሰግንሃለሁ። ግን ማን ማንን እንደሚይዝ አንተም ታውቃለህ። በሐምሌ ስሜን አስጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ብዕሩ ገና ብዙ ሲቧጭር አልሰማሁም መሰላችሁ? የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ከዚያ በኋላ ድምፁን በዚያ ሁሉ ዝርዝር ስትጽፍልኝ ገባኝ። አልተቀየምሁም። እንዲያውም ከዚያች ቀን ወዲህ ገበቴውን አየሁት ልበል።

በጥቅምት 18 ከአንለይ ጋር እንነሳለን። የኔዓለም ለልጅቱ ነጭ ልብስ እየሰፋች ነው። ከክርስትናው በኋላ ደብረ ወርቅ ታደርሰኛለህ፤ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ነው። ኅዳር ደረቅ ነው፣ በሌላ መኪና ይሄዳሉ እንዳትለኝ። በገበቴው ነው የምሄደው።

ብረቱን አትመልስልኝ፤ ያንተ ነው፤ በሥራው ላይ ነው ያለው። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። እጄን ልትይዝ ወደ አንለይ መኪና አትሩጥ። የገበቴውን ሞተር አስነስተህ ከጎኑ ቁም። በድምፁ እመጣለሁ።

ገብረ ማርያም